ቆጣሪው አንድ፣ ቤቱ ብዙ

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከየደጃፋችን የማይጠፋ ነው። ይኸውም በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች የመብራቱን ሂሳብ እንዴት ይካፈሉ፣ ሽቦውንስ እንዴት ይጠብቁ የሚለው ነው።

ይህን ርእስ ለምን መረጥን? ኮሚቴው ጎረቤትና ጎረቤት ለማስታረቅ በተቀመጠ ቁጥር ነገሩ በልጆች ጠብ፣ በፍሳሽ ወይም በልብስ ማስጫ ገመድ ይጀመርና ጥቂት ቆይቶ «የመብራቱስ ነገር!» የሚል ይመጣል። ያን ጊዜ እውነተኛው ቁስል ይገለጣል። አንደኛዋ «እኔ ሁለት አምፖል ይዤ የሰው ምጣድ እከፍላለሁ» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ምጣዴን ቆጥረው የእነሱን ፍሪጅ ረሱት» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ማስረጃ የላቸውም። ለዓመታት ቡና የተጣጡ ሰዎች በአንድ ወረቀት ቢል ምክንያት ሰላምታ እስከመነፋፈግ ይደርሳሉ።

እንግዲህ ዛሬ ልናስገነዝብ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። መብራት መካፈል የደግነት ሥራ ነው፤ ሆኖም ደግነት ብቻውን አይበቃውም። ሂሳብ ይፈልጋል፣ ልክ ያለው ሽቦም ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ደግነቱ ይቆያል፤ ካልተሟሉ ደግነቱ ራሱ የጠብ ምንጭ ይሆናል።

አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት እንዴት ሆነ?

በመጀመሪያ እንዴት እዚህ እንደደረስን እናስታውስ። በብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች ዋናው ቤት ሲሠራ የገባው ቆጣሪ ለአንድ ቤተሰብ የታሰበ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ዋሉ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናውም ቤት፣ ማድ ቤቱም፣ የሠራተኛ ክፍሉም የየራሱ ቤተሰብ የያዘበት ሁኔታ የተለመደ ሆነ። ቤተሰቡ ሲበዛ ግን ቆጣሪው ብዙውን ጊዜ ያው አንዱ ነው።

በግል ይዞታ ያሉትም ግቢዎች ቢሆኑ ከዚህ አልራቁም። ልጅ ሲያገባ ከኋላ አንድ ክፍል ይቀጠላል፤ ኑሮ ሲከብድ ሁለት ክፍል ተሠርቶ ይከራያል። ለየክፍሉ ቆጣሪ ማስገባት ገንዘብም፣ ጊዜም፣ የቤት ማስረጃም ይጠይቃል። ስለዚህ ከዋናው ቤት ሽቦ ይሳብና «ለጊዜው በዚህ ተጠቀሙ» ይባላል። ጊዜያዊው ግን አሥር ዓመት ይሞላዋል።

በዚህ ማንንም አንወቅስም። ጎረቤቱ በጨለማ ሲቀመጥ ዝም ብሎ ከሚያይ ሰው ይልቅ መስመር የሰጠው ሰው የተመሰገነ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለውም ለዚህ ነው። ዳሩ ግን በውኃ ቢሆን ባልዲውን እናያለን፤ በእህል ቢሆን ቁናውን እንሰፍራለን። መብራት ግን አይታይም። ማን ስንት እንደወሰደ በዓይን ስለማይታይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አሳንሶ፣ የሌላውን አተልቆ ይገምታል። ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። መድኃኒቱም የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ ነው።

ቆጣሪው የሚቆጥረው ምንድን ነው?

ቆጣሪው የአምፖሉን ብዛት ወይም የቤተሰቡን ቁጥር አይቆጥርም። የሚቆጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ ቆጣሪው አንድ ይቆጥራል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በየዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ላይ ዋቱ ተጽፎ ይገኛል። አንድ የቁጠባ አምፖል 10 ዋት ያህል ይወስዳል። ቴሌቪዥን እንደ መጠኑ 100 ዋት ገደማ፣ ካውያ 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ምጣድ ሲበራ 350 የቁጠባ አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደበሩ ቁጠሩት።

አሁን አንድ ግቢ በምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌ ነው፤ የማንም ግቢ አይደለም። አራት ቤት አለ፣ ቆጣሪው አንድ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል አንዲት እማማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለት አምፖል አላቸው፤ በቀን አምስት ሰዓት ያበራሉ። በወር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል።

በሁለተኛው ቤት ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አራት አምፖልና ካውያ ያለው ቤተሰብ አለ። ለፍሪጁ በቀን 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብናስብለት፣ ሁሉም ተደምሮ በወር 55 ያህል ይመጣል።

በሦስተኛው ቤት ለቤተሰብ እንጀራ በሳምንት ሁለት ቀን ይጋገራል። በወር ስምንት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት፣ ምጣዱ 3,500 ዋት ነው ብንል 56 ይሆናል። ከአምፖሎቹ ጋር 62 ነው።

በአራተኛው ቤት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት አለች። በወር ሃያ ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ብትጋግር ምጣዱ ብቻ 210 ይወስዳል። ከአምፖሎቹ ጋር 216 ነው።

ሲደመር 336 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ቢሉ ለአራት እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 84 ይደርሰዋል። እንግዲህ 3 የተጠቀሙት እማማ የ84 ይከፍላሉ፤ ሃያ ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው። 216 የተጠቀመችው ደግሞ የ84 ትከፍላለች። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልዋሸም። እኩል መካፈል ብቻውን ይህን አመጣ። እኩልነትና ትክክለኛነት ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። የመኖሪያ ቤት የመብራት ዋጋ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ፍጆታው እስከ 50 የሆነ፣ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200፣ ከ201 እስከ 300 እያለ ሲወጣ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። የዝቅተኛው ደረጃ ዓላማ ጥቂት የሚጠቀመውን ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው ለመደገፍ ነው። ነገር ግን ቆጣሪው አራት ቤት መሆናችንን አያውቅም። ከላይ በጠቀስነው ግቢ 336 ሲያይ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ አለ ብሎ ከ300 በላይ ባለው ደረጃ ያስቀምጠናል። እማማ የራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው በመጀመሪያው ደረጃ ይቀሩ ነበር። በጋራ ቆጣሪ ምክንያት ግን ለድሀ የታሰበው ዋጋ ለድሀው ሳይደርስ ይቀራል። ይህ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ነገር ስለሆነ አጥብቀን እናሳስባለን።

ሂሳቡን በምን እንካፈል?

በሠፈራችን ሦስት ዓይነት አካፋፈል አለ። ሦስቱንም በአጭሩ እንመልከት።

አንደኛው እኩል መካፈል ነው። የሁሉም ቤት አጠቃቀም ተቀራራቢ ከሆነ ቀላልና ከጭቅጭቅ የራቀ ነው። ምጣድ ያለውና የሌለው፣ ብቸኛና ባለ ስምንት ቤተሰብ በተቀላቀሉበት ግቢ ግን ከላይ ያየነውን ያመጣል።

ሁለተኛው በዕቃ መቁጠር ነው። «ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፣ ለምጣድ ይህን ያህል» ተብሎ ይተመናል። ከእኩል ይሻላል። ጉድለቱ ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚጋግረውንና በየቀኑ የሚጋግረውን አለመለየቱ ነው። በዕቃ የምትቆጥሩ ከሆነ ሰዓቱንም አብራችሁ ቁጠሩ። ዋቱን በሰዓት አባዝታችሁ ለ1,000 ብታካፍሉ ኪሎ ዋት ሰዓቱን ታገኛላችሁ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሊሠራው ይችላል፤ ልጆቻችን ቁጭ ብለው ይሥሩልን።

ሦስተኛውና እኛ የምንመርጠው የውስጥ ቆጣሪ ማስገጠም ነው። ይኸውም ከዋናው ቆጣሪ በኋላ በየቤቱ መስመር ላይ የሚገጠም አነስተኛ ቆጣሪ ነው። በወሩ መጨረሻ የየቤቱ ተወካይ ባለበት ይነበባል፤ ቁጥሩ በአንድ ደብተር ይጻፋል። ጠቅላላው ቢል ለሁሉም የውስጥ ቆጣሪዎች ድምር ይካፈልና በየቤቱ ቁጥር ይባዛል። የውስጥ ቆጣሪዎቹ ድምር ከዋናው ጥቂት ሊያንስ ይችላል፤ የግቢው የጋራ መብራትና በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ነው። በተባለው ስሌት ይህ ልዩነት እንደየአጠቃቀሙ ለሁሉም ይደርሳል። ልዩነቱ ከወር ወደ ወር እየሰፋ ከሄደ ግን የሚያፈስ ወይም ሳይቆጠር የሚያልፍ መስመር አለና ባለሙያ ይጠራ።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለን። በግቢው ውስጥ እንደ እማማ ያለ እጅግ ጥቂት የሚጠቀም ሰው ካለ፣ የእሳቸው በመጀመሪያው ደረጃ ዋጋ ቢታሰብላቸውና ቀሪው በትልልቆቹ ተጠቃሚዎች ላይ ቢከፋፈል መልካም ነው። ደረጃውን ከፍ ያደረጉት እሳቸው አይደሉምና። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሂሳብ ነው። እንጀራ የምትሸጠዋም እናት ብትሆን ጥፋተኛ አይደለችም። ሠርታ ነው የምታድረው። ለመብራቱ የምታወጣውን በትክክል ስታውቅ እንጀራዋንም በትክክል ትተምናለች፤ «የእኛን መብራት በላች» ከሚል ሐሜትም ትድናለች።

ቆጣሪው በስማቸው የተመዘገበ ባለቤቶችም እንዲያስቡበት የምንለው አለ። መብራት ማካፈል የንግድ ሥራ አይደለም። ከተከራይ የሚሰበሰበው ከቢሉ በላይ መሆን የለበትም። ቢሉም በግልጽ ይታይ። ቢል የሚደብቅ ባለቤት ትርፍ ባይወስድ እንኳ ወስዷል ይባላል።

ሽቦው ስንት ይሸከማል?

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንለፍ። ሂሳብ ቢዛባ ገንዘብ ይጠፋል፤ ሽቦ ቢዛባ ቤትና ሰው ይጠፋል።

የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲበራ 32 አምፔር ይሆናል። የቆጣሪው ብሬከር 32 አምፔር ከሆነ ሁለት ምጣድ ብቻውን ጣሪያውን ነካ ማለት ነው። ሦስተኛ ጎረቤት ካውያ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ግቢው ይጨልማል፤ ከዚያ «ማን ነው ያጠፋው?» ይመጣል።

ብሬከሩ መውረዱ ግን በጎ ነገር ነው፤ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። አደገኛው ነገር ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው። አንዳንዱ ሰው ብሬከሩን በትልቅ ይለውጠዋል፤ አንዳንዱም ብዙዎቻችን ቫልቮላ የምንለውን ፊውዝ አውጥቶ ወፍራም ሽቦ ይጠመጥምበታል። ያን ጊዜ መብራቱ አይጠፋም። የሚጠፋው ጠባቂው ነው። ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ልክ እንጂ በፍላጎታችን ልክ አይደለም።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እናሳይ። ከቆጣሪው 30 ሜትር ርቆ ላለ ክፍል 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ተስቧል እንበል። ይህ ሽቦ ለአምፖል የሚሆን ነው። በዚህ መስመር አንድ ምጣድ ሲበራ በሽቦው ውስጥ ብቻ ወደ 190 ዋት ገደማ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሁለተኛ ምጣድ ሲጨመርበት ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ወደ 750 ዋት ይጠጋል። የአንድ አነስተኛ ካውያ ያህል ሙቀት በጣሪያችን ሥር፣ በኮርኒሱ ውስጥ፣ በደረቅ እንጨት ላይ ተዘርግቶ ይነዳል ማለት ነው። ያ ሙቀት ደግሞ ገንዘብ የተከፈለበት ነው፤ ቆጣሪው ቆጥሮታል። መጨረሻ ላይ ያለው ጎረቤት «ምጣዴ አልግል አለኝ፣ አምፖሌ ደበዘዘ» የሚለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ቮልቱ መንገድ ላይ ቀርቶበታል።

ከሁሉ የከፋው መገጣጠሚያው ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ፣ ፌስታል ተጠቅልሎበት የሚገኝበት ቦታ በየግቢው አለ። የላላ መገጣጠሚያ ሙቀቱን ሁሉ በአንድ ነጥብ ይሰበስባል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተጋደመ ሽቦም ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ልባሱ ይላጣል። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ኮረንቲ ይይዛል፤ በክረምት ዝናብ ወቅት ደግሞ የልብስ ማስጫው ሽቦ ጭምር ሊነዝር ይችላል። በአንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ መሰካትም የዚሁ ወንድም ነው። ለምጣድ ከማከፋፈያው ተነሥቶ ለብቻው የሚመጣ ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል። ምጣዱ ሲነካ የሚነዝር ከሆነም የመሬት ሽቦ የለውም ወይም ተበላሽቷል ማለት ነው። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» ብሎ በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር መጋገር በሕይወት መቀለድ ነው።

ሰዎች አንዳንድ ጊዜ «አሁን እኮ ኃይል ሞልቷል፣ ግድቡ ተመርቋል» ይሉናል። እውነት ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ከጉባ የሚመጣው ኃይል ወደ ክፍላችን የሚገባው በዚያችው በቀጭኗ የግቢያችን ሽቦ ነው። ግድቡ የግቢያችንን ሽቦ አያወፍርልንም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

የምጣድ ተራ

ሽቦው እስኪታደስ ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መፍትሔ አለ፤ እርሱም ተራ ነው። በግቢው ሦስት ምጣድ ካለ የመጋገሪያው ቀንና ሰዓት ይመደብ። በሠሌዳ ወይም በወረቀት ተጽፎ ከቆጣሪው አጠገብ ይለጠፍ። «እትዬ፣ ዛሬ ምጣድ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ተራ ያልደረሰው ሰው ድንገተኛ እንግዳ ቢመጣበት ተራ ያለውን ሰው ያስፈቅድ፤ ጎረቤት አይነፍገውም።

የበዓል ዋዜማ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት ምጣድ ያበራል፤ ዳቦም ይደፋል። በሙስሊም ወገኖቻችንም ቤት በዒድ ዋዜማ እንዲሁ ነው። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ተራውን ተነጋገሩበት። አንዱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሌላው ረፋድ፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ቢይዝ ሁሉም እንጀራው ይደርስለታል፤ ማንም በዋዜማ ጨለማ አይቀመጥም።

መብራት መቁረጥ መሣሪያ አይሁን

ሌላው በግልጽ መነገር ያለበት ጉዳይ ይህ ነው። ቆጣሪው በእጁ ያለ ሰው ሲቆጣ የጎረቤቱን መስመር ይነቅላል። የቤት ኪራይ ዘገየ ብሎ፣ ልጆች ተጣሉ ብሎ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት። ይህ ከሠፈራችን መወገድ ያለበት ልማድ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ኢንሱሊኗን በፍሪጅ የምታስቀምጥ የስኳር ሕመምተኛ ልትኖር ትችላለች። ለፈተና የሚያጠና ልጅ፣ አራስ ሴት ትኖር ይሆናል። የኪራይ ክርክር በኪራይ ውል ይታይ፤ የመብራት ክፍያ ክርክርም በሽማግሌ ይታይ። መስመር በድንገት ሊቋረጥ የሚገባው ለአደጋ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ከፋዩም ግዴታ አለበት። በቀኑ ያልተከፈለ ቢል የሚያስቆርጠው የአንዱን ሳይሆን የሁሉንም መብራት ነው። የካርድ ቆጣሪ ባላቸው ግቢዎች ደግሞ ችግሩ ሌሊት ይመጣል። ሂሳቡ ያልቅና ሁሉም «ትናንት የሞላሁት እኔ ነኝ» ይላል። ስለዚህ ከወሩ መጀመሪያ ከየቤቱ ተዋጥቶ ይሞላ፤ ቀሪው ሂሳብ ከተስማማችሁበት ቁጥር በታች ሲወርድ ተረኛው ለሁሉም ይንገር። የሞላበት ደረሰኝም በደብተሩ ውስጥ ይቀመጥ።

በጽሑፍ የሚሰፍር ስምምነት

ኮሚቴው ቆጣሪ የሚጋራ ግቢ ሁሉ አንድ ገጽ የማትሞላ ስምምነት እንዲጽፍ ይጠይቃል። በቃል የተባለ ነገር በቃል ይረሳል። በስምምነቱ ውስጥ የሚከተሉት ይግቡ፤

1. ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ስንት ቤት እንደሚጠቀምበት፤

2. ሂሳቡ በምን እንደሚከፋፈል፤ እኩል፣ በዕቃና በሰዓት፣ ወይም በውስጥ ቆጣሪ፤

3. ቆጣሪው በየትኛው ቀን እንደሚነበብ፣ ማን በተገኘበት እንደሚነበብ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚሰበሰብ፤

4. የብሬከሩ መጠን ስንት እንደሆነና በአንድ ጊዜ ከስንት ምጣድ በላይ እንደማይበራ፤

5. አዲስ ከባድ ዕቃ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ለሌሎቹ እንዲያሳውቅ፤

6. ሽቦ ለማደስ የሚወጣው ወጪ እንዴት እንደሚከፈል፤

7. አለመግባባት ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ፣ እስከዚያም ድረስ መስመር እንደማይነቀል።

ሁሉም ይፈርሙ፤ አንድ ቅጂ ከቆጣሪው አጠገብ ይለጠፍ። አዲስ ተከራይ ሲገባም ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት ያንብብ። ማንበብ የማይችል ካለ ይነበብለት።

አንድ ነገር ግን በማንኛውም ስምምነት ሊፈቀድ አይችልም። ከቆጣሪው በፊት መስመር መቀጠል፣ ወይም ቆጣሪው እንዳይቆጥር ማድረግ ስርቆት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። ለዚህ የሚያግዝ «ባለሙያ ነኝ» ባይ ቢመጣ ከበሩ መልሱት።

የራስ ቆጣሪ

መጋራት ለችግር ጊዜ ነው፤ ዘላቂው መንገድ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ሲኖረው ነው። ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እንላለን። መሥሪያ ቤቱ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ የቆጣሪ፣ የቢልና የብልሽት ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ ማመልከት የምትፈልጉ ወደ አካባቢያችሁ የአገልግሎት ማዕከል ሂዱ። በአንድ ግቢ ያላችሁ አብራችሁ ብታመለክቱ ማስረጃውንም ድካሙንም ትጋራላችሁ። ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግረው ሰው ኮሚቴው ይጽፍለታል።

አደጋ ሲደርስ

በመጨረሻም ልጆች ሳይቀሩ ሊያውቁት የሚገባ አለ። ሰው ኮረንቲ ሲይዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ እናንተንም ይይዛችኋል። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውዬው አርቁ። በሽቦ የተነሣ እሳት ላይ ውኃ አትድፉ፤ መብራቱን አጥፍታችሁ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ጣሉበት። የግቢው ሰው ሁሉ፣ ተከራዩም ጭምር፣ ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ይወቅ። የቆጣሪው ሣጥን በዕቃ አይከለል፤ በቁልፍ የሚቆለፍም ከሆነ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይቅር። የኤሌክትሪክ አገልግሎት የስልክ ቁጥር 905፣ የአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 939 ነው። በየበራችሁ ላይ ጻፉት።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤

ነገሩን ስናጠቃልል፣ ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የብሬከራችሁን ቁጥር አንብቡና በግቢው ያለውን ምጣድ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ያለፈውን ወር ቢል አውጥታችሁ ማን ስንት እንደተጠቀመ በተናገርነው መንገድ አስሉት። ሦስተኛ፣ ጎረቤቶቻችሁን ለቡና ጥሩና ያችን አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። የጎበጠና የተላጠ ሽቦ ያለበት ግቢ ለኮሚቴው ያመልክት፤ ሙያ ያላቸው የሠፈራችን ልጆች በተራ እየዞሩ እንዲያዩ እናደርጋለን።

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። በመብራት ጉዳይ ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም፤ ቃል በቃል እውነት ነው። እሳቱም፣ ጠቡም ሳይነሣ እንነጋገር።



የነዋሪዎች ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ